ካርዱ ላይ 85፣ ማትሪክ ላይ 31፦ የእንግሊዝኛ ውጤት ለምን ያስደነግጣል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ዕለት በየቤቱ የሚሰማው ነገር ይመሳሰላል። ወደ 6284 መልእክት ልኮ የሚጠብቅ፣ ወይም ድረ ገጹ አልከፈት ብሎት ሲታገል ያመሸ ተማሪ በመጨረሻ ስድስት ቁጥሮች ያያል። ፊዚክሱ ዝቅ ብሎ ቢያገኘው ያዝናል እንጂ ብዙም አይገርመውም፤ ሒሳቡም እንደዚያው። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ግን «ይሄማ የእኔ ሊሆን አይችልም» ይላል። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የተማረው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከገባ ወዲህ ሌላውንም ትምህርት የተማረበት ቋንቋ ነው። ካርዱ ላይ 80 እና 85 ሲጻፍለት ኖሯል። እንዲህ ያለው ተማሪ ማትሪክ ላይ 31 ሲመጣበት ማሽኑ ተሳስቷል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ጥርጣሬው ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የመልስ ወረቀት የሚታረመው በማሽን ነው። የጥያቄ ወረቀቱን ኮድ በትክክል ያላጠቆረ፣ ወይም አንድ ቁጥር ዘሎ ከዚያ በታች ያለውን መልስ ሁሉ ያዛነፈ ተማሪ ትምህርቱን እያወቀ ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ቅሬታ ይቀበላል፤ በእርግጥ የተጠራጠረ ሰውም ማመልከት አለበት። ይሁን እንጂ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ ነው። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ የሚደነግጡበትን ምክንያት አያስረዳም። ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው፦ 31ዱ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ መመርመር ያለበት 85ቱ ነው።

ቁጥሮቹን እናስታውስ። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተሰጠው ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዚያ ዓመት ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 የማለፊያ ነጥቡን ያገኙት 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። መሻሻሉ እውነት ነው። ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙ ዛሬም ከግማሽ በታች መሆኑም እውነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት መሥራት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው አይሠራውም። የእንግሊዝኛው ፈተና ለዓመታት የሚታወቅበት ቅርጽ 120 ጥያቄ፣ አራት አራት ምርጫ፣ 2 ሰዓት ነው። ጥያቄውን ሳያነብ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ሰው በአማካይ ከ120ው 30 ያገኛል፤ ይህም 25 በመቶ ነው። ትንሽ ዕድል የቀናው 39 ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ 33 በመቶ መሆኑ ነው። እንግዲህ 31 ያመጣ ተማሪ «ሲሶውን አውቄዋለሁ» ሊል አይችልም። የሆነ የሚያውቀው ነገር ይኖራል፣ ግን ቁጥሩ ብቻውን ከግምት አይለየውም። በ2015 ዓ.ም. የተፈታኞች አማካይ ውጤት በሁሉም ትምህርቶች ተደምሮ ከ30 በመቶ በታች ነበር ሲባል በዚህ ዓይን ነው መነበብ ያለበት። (ከ25 በታች ያመጣውስ? ወይ ግምቱ አልቀናውም፣ ወይ ሰዓት አልቆበት ሳያጠቁር የተወው ይኖራል።)

ታዲያ 85ቱ ከየት መጣ?

ተከታታይ ምዘና ሲባል በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ልጁ በአንድ ቀን ፈተና እንዳይፈረድበት ታስቦ የመጣ ነው። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን መልኩ ይቀየራል። የአንድ ሴሚስተር 100 ነጥብ እንዲህ ተከፋፈለ እንበል፦ ቴስት 10፣ የቤት ሥራና ደብተር 10፣ የቡድን ሥራ 10፣ ተሳትፎ 5፣ ሚድ 25፣ ፋይናል 40። ደብተር ሙሉ ስለሆነ 10 ተሰጠ። ተሳትፎ ማለት ክፍል መገኘት ሆነና 5 ተሰጠ። የቡድን ሥራውን በአንድ ለአምስቱ ውስጥ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ጻፈው፤ አምስት ስም ከላይ ሰፈረ፤ አምስቱም 9 አገኙ። ቴስቱ ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ከተሠራው መልመጃ ቃል በቃል የተወሰደ ነው። ልጁ ገና ወደ ሚድና ፋይናል ሳይደርስ 30 ምናምን ይዟል።

ፋይናሉም ቢሆን አያስጨንቅም። 60 እና 70 ተማሪ ያለበትን ክፍል፣ ያውም አምስት ስድስት ሴክሽን የሚያስተምር መምህር ድርሰት አስጽፎ ያርም ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ አዛምድ፣ እውነት ሐሰት፣ ባዶ ቦታ ሙላ ይሆናል። የሚጠየቀውም ሾርት ኖቱ ላይ ያለው ነው። ከጎን መኮረጅም አለ፤ እሱን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪ መጣል ለመምህሩ ጣጣ ነው። «ለምን ይህን ያህል ተማሪ ወደቀብህ?» የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለእሱ ነው፤ ቱቶሪያል ስጥ፣ ድጋሚ ፈትን፣ ሪፖርት ጻፍ ይባላል። በግል ትምህርት ቤት ደግሞ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ለሁሉም የሚቀለው 85 መስጠት ነው። በየደረጃው ያለው ሰው የየራሱን ትንሽ ችግር ሲያስታግስ የተጠራቀመው ችግር 12ኛ ክፍል ላይ ልጁን ብቻውን ያገኘዋል።

«ልጄ እኮ ከክፍሉ 3ኛ ነበር» የሚሉ ወላጆች አይዋሹም። ደረጃው የሚነግራቸው ልጃቸው ከጎኑ ከተቀመጡት 60 ልጆች ጋር ሲወዳደር የት እንዳለ ነው። ስልሳዎቹ በሙሉ አንድ አንቀጽ አንብበው የማይረዱ ከሆነ ከእነሱ መካከል 3ኛ መውጣት ለማትሪክ ምንም ዋስትና አይሆንም።

የትምህርቱን አሰጣጥ ራሱን ጠጋ ብለን እንየው። ሲምፕል ፕረዘንት፣ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ፓሲቭ ቮይስ፣ ኮንዲሽናል የሚሉት ርዕሶች ከ7ኛ ክፍል እስከ 12ኛ በየዓመቱ ይመላለሳሉ። መምህሩ ሕጉን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ማብራሪያው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ወይም በአካባቢው በሚነገረው ቋንቋ ነው። ተማሪው «ሃቭ ወይም ሃዝ፣ ሲደመር ቪ ስሪ» ብሎ ይሸመድዳል። ሕጉን ጠይቁት፤ ሳያዛንፍ ይነግራችኋል። «ዛሬ ጠዋት ምን ሠራህ?» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጠይቁት፤ መሬት መሬት ያያል። ረጅሙ ፓሴጅ ጊዜ ስለሚወስድ «ቤት አንብባችሁ ጥያቄውን ሥሩ» ተብሎ ይታለፋል፤ በማግሥቱ መልሱ ሀ፣ ሐ፣ መ ተብሎ ይነገራል። የማዳመጥ ትምህርትማ ከነጭራሹ ተረስቷል። የሚነበበው ጽሑፍ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው፤ መምሪያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሌለ ትምህርቱም የለም። ማዳመጥና መናገር ማትሪክ ላይ ስለማይመጡ መቅረታቸውን የሚጠይቅ ወላጅም፣ ተማሪም፣ ሱፐርቫይዘርም አይገኝም።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ግን ቀላሉ መንገድ ነው። እሱም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ነው። በ1990ዎቹ የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠና ለመምህራን ሲሰጥ ነበር፤ ከዚያም ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት መጣ። የዚያ ዘመን ተማሪ ያስታውሳል፤ በማያውቀው የውጭ ሰው አነጋገር እየፈጠነ የሚሄደው የቴሌቪዥን መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ፣ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፍ ነበር። ማን እንደመለሰለት እግዜር ይወቅ።

አሁን ይህ ልጅ ፈተናው ፊት ሲቀመጥ ምን ይገጥመዋል? 120 ጥያቄ በ120 ደቂቃ፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። የሰዋስው ጥያቄዎቹን በዚያ ፍጥነት ሊሄድባቸው ይችላል። ፓሴጁ ላይ ይያዛል። በደቂቃ 80 ቃል የሚያነብ ተማሪ 500 ቃል ያለውን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ለመጨረስ ብቻ ከ6 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ካነበበ በኋላ የሚጠየቀው ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈውን ብቻ አይደለም። «በ3ኛው አንቀጽ ውስጥ ያለው ‹ዜም› ማንን ያመለክታል? ጸሐፊው ምን ለማለት ፈልጓል? ከጽሑፉ ተነስተን ምን መገመት እንችላለን?» ይባላል። ለእነዚህ የሚሸመደድ ሕግ የለም። ተመልሶ ያነባል፤ ሌላ 6 ደቂቃ። ሁለተኛው ፓሴጅ ላይ ሳይደርስ ፈታኙ «አሥር ደቂቃ ቀርቷል» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማጥቆር ብቻ ነው። ከፈተናው ሲወጣ ግን «ቀላል ነበር» ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም የሚያስታውሰው የሠራቸውን የሰዋስው ጥያቄዎች ነው። ውጤቱ ሲመጣ ለሚሰማው ድንጋጤ ይህም አንዱ መነሻ ይመስለኛል።

ከዚህ የሚብሰው እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ብቻ የማያበቃ መሆኑ ነው። ባዮሎጂ ፈተና ላይ «ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ» ብሎ ጀምሮ «ኤክሴፕት» ብሎ የሚጨርስ ጥያቄ አለ። ስለ ደም ዝውውር በደንብ የሚያውቅ ልጅ «ሀ» ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር እውነት መሆኑን ያያል፤ ደስ ብሎት ያጠቁረዋል፤ ይሳሳታል። የተጠየቀው ልክ ያልሆነው ነበር። ይህ ልጅ ባዮሎጂ ያውቃል፤ የጣለችው አንዲት ቃል ናት። ታሪክና ኢኮኖሚክስ ላይ የጥያቄው አንገት ራሱ አንድ አንቀጽ ሊሆን ይችላል፤ አፕቲትዩድ ላይም የቃላትና የንባብ ክፍል አለ። ስለዚህ ተማሪው «እንግሊዝኛ ወደቅሁ፣ ሌላውም ከበደኝ» ሲል ሁለቱ አንድ ጉዳይ ሊሆኑ እንደሚችሉ አያስተውልም። ከስድስቱ ትምህርቶች ይህ ነገር ትንሽ የሚቀለው ምናልባት ሒሳብ ላይ ነው።

ክፍተቱ በ2014 አልተፈጠረም። ያኔ የተቀየረው መታየቱ ነው። ከዚያ በፊት ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ ኩረጃው በቡድን ነበር፤ ወረቀቱም ይወጣ ነበር። ግንቦት 22 ቀን 2008 ይጀመር የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የተሰረዘው የእንግሊዝኛው ወረቀት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቆ በመገኘቱ ነበር፤ ተማሪዎቹ በሰኔ መጨረሻ እንደገና ተቀመጡ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፈተናው እንዳይወጣ ተብሎ ኢንተርኔት ተዘጋ። ተማሪው ፈተና ማለት የሚወጣ ነገር ነው ብሎ ለምዶ ነበር፤ ዛሬም ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል» እያሉ ብር የሚሰበስቡ አሉ። ከዚህ ቀለል ያለው ልማድ የቆዩ የማትሪክ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው መሸምደድ ነው። በየዞኑና በየወረዳው የሚሰጠው ሞዴል ፈተናም ብዙ ጊዜ ከእነዚሁ ጥያቄዎች ስለሚቀዳ ሞዴል ላይ 70 ያመጣ ተማሪ የራሱን የማስታወስ ችሎታ ለካ እንጂ እንግሊዝኛውን አልለካም።

አንዳንዱ ሰው መፍትሔው እንግሊዝኛን ቶሎ መጀመር ነው ይላል። በከተማ ያለው ወላጅ ይህን አምኖ ከኬጂ ጀምሮ ሁሉ በእንግሊዝኛ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ከአቅሙ በላይ ይከፍላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ በገዛ ቋንቋቸው አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። የዓለም ባንክም በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 90 በመቶ እንደሚደርሱ ገምቷል። በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ያነበበውን መልሶ መናገር ያልቻለ ልጅ በእንግሊዝኛ ሊችል አይችልም፤ ንባብ የሚባለው ችሎታ አንድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ሚኒስቴር ተሠርቶ የነበረው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናትም እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሠራው መንገድ በመሠረቱ ትክክል ነበር ለማለት ያስደፍራል። ድልድዩ ነው ያልተሠራው። እንደየክልሉ በ7ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል በአንድ መስከረም ላይ ቋንቋው ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፤ ልጁ ክረምቱን ከብት ሲጠብቅ ወይም ሱቅ ሲቆም ቆይቶ ሲመለስ የባዮሎጂ መጽሐፉ በማያነበው ቋንቋ ይጠብቀዋል። ይህን ሽግግር የሚያግዝ በቂ ዝግጅት በአብዛኛው ትምህርት ቤት የለም።

በየዓመቱ ሁሉንም ተማሪ የሚያሳልፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች በብዛት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ተማሪ መርጠው ይቀበላሉ፣ ክፍላቸው ጠባብ ነው፣ ልጁ ማታም ያነባል። ለእነሱ የሚሠራው ለሁሉም ይሠራል ማለት ከባድ ነው። በሌላው ጫፍ ያሉት ደግሞ የትግራይ ተማሪዎች ናቸው፤ በኮሮናና በጦርነቱ ምክንያት ከ2012 እስከ 2015 ድረስ ክፍል አልገቡም። በአማራ ክልልም በግጭቱ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። የእነዚህን ልጆች 31 ከአዲስ አበባ ልጅ 31 ጋር አንድ አድርጎ ማየት ፍትሐዊ አይደለም።

ፈተናው ራሱ ሊያግዝ የሚችልበት ነገር አለ፤ እስካሁን ግን አልተጠቀምንበትም። ተማሪው የሚደርሰው ቁጥር ብቻ ነው። 31 ሲመጣለት ሰዋስው ላይ ነው የወደቀው? ቃላት ላይ ነው? ፓሴጁ ላይ ሰዓት አልቆበት ነው? አያውቅም። የእንግሊዝኛ መምህሩም አያውቅም። ማሽኑ ግን ያውቃል፤ እያንዳንዱን መልስ ለይቶ ነው የሚያነበው። ያንኑ መረጃ በየትምህርት ቤቱ ከፋፍሎ «የእናንተ ተማሪዎች ንባብ ላይ ይህን፣ ሰዋስው ላይ ይህን አመጡ» ብሎ መላክ አዲስ ፈተና ማዘጋጀት አይጠይቅም። ያኔ አንድ ትምህርት ቤት ሲጠየቅ «ተማሪው ሰነፍ ነው» ብሎ የሚያልፍበት በር ይጠብባል። የትምህርት ቤቱን የካርድ አማካይ ከማትሪክ አማካዩ ጋር ጎን ለጎን ማሳተምም እንዲሁ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጩኸት መቻል ነው።

ለጊዜው ያለው መፍትሔ ሪሚዲያል ነው። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት ውስጥ የተሻለ ነጥብ ያላቸው በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ለጥቂት ወራት እንግሊዝኛን ጨምሮ የተወሰኑ ትምህርቶችን ደግመው ይማራሉ። ብዙዎቹን የታደገ ዕድል መሆኑን አልክድም። ግን በ12 ዓመት ያልመጣ የማንበብ ልማድ በአራት ወር ይመጣል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል፤ አልፈው ቢገቡም ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጨረሻ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ እሱም በእንግሊዝኛ ነው።

9ኛ ክፍል ያለ ልጅ ያለው ወላጅ ግን ሚኒስቴሩን መጠበቅ የለበትም። የልጁን የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ አውጥቶ አንድ ያልተማረውን ገጽ ያስነብበው፤ መጽሐፉን ይክደንና «ምን ይላል?» ብሎ በአማርኛ ይጠይቀው። ወላጁ እንግሊዝኛ ባያውቅም ልጁ ማብራራት ሲያቅተው መለየት ይችላል። ሰዓቱንም ይያዝ። አንዷን ገጽ ለማንበብ ሩብ ሰዓት የፈጀበት የ9ኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቢያነብ ገና ሦስት ዓመት ከምናምን አለው፤ 12ኛ ክፍል ላይ ለደረሰው ወንድሙ ግን የቀሩት ወራት ናቸው።